ባለቤት ያጣው ቃል

ተረት ልንገራችሁ?

«ይንገሩን!»

መጀመሪያ ግን ጥያቄ አለኝ። ዛሬ ውሃ ጠጥታችኋል?

«ጠጥተናል!»

ማንን አመሰገናችሁ?

ዝም አላችሁ። ዝም ማለታችሁን ወደድኩት፤ የሚዋሽ አድማጭ አልወድም። እኔም በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ አሰገደች፣ ይህንኑ ጠይቀውኝ ዝም ብያለሁ። እሳቸው የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም ስንሻው፣ ልጄ፣ ሽበት ስላወጣህ ተረት አያስፈልገኝም ብለህ ከኋላ አትደበቅ። በተለይ አንተ ስማ።

ዱሮ፣ ዱሮ፣ እንስሳ እንደ ሰው፣ ዕቃም እንደ እንስሳ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ተራራ ላይ አንድ ጫካ ነበረ። በጫካው መሐል አንዲት ምንጭ ነበረች። እማ ምንጭ ይሏታል። ከእሷ የሚወጣው ውሃ ተራራውን ወርዶ፣ ገደሉን ዘሎ፣ ሜዳውን አቋርጦ ሰባት አገር ያጠጣ ነበር። አንበሳም ከዚያ ይጠጣል። ዝሆንም ከዚያ ይጠጣል። አያ ጅቦም ከዚያ ይጠጣል። ከየት እንደሚመጣ ግን አንዳቸውም ጠይቀው አያውቁም። ውሃ መጣ፣ ጠጡ፣ በቃ።

በዚያ ጫካ የምትኖረው ጉሬዛ ነበረች። ጉሬዛን ታውቋታላችሁ፤ የዝንጀሮ ዘመድ ናት፣ ፀጉሯ ጥቁር ሆኖ በላዩ ነጭ ጋቢ የደረበች ትመስላለች። እናቷም፣ አያቷም፣ የአያቷ አያትም የኖሩት እዚያው ነው። የየትኛው ዛፍ ሥር ውሃ እንደሚይዝ ታውቃለች። የትኛው ዛፍ የጠዋቱን ጉም እንደሚያስቀር ታውቃለች። የትኛው ፍሬ ተበልቶ የትኛው ለዘር እንደሚተው ታውቃለች። እናቷ ስትሞት፣ «ልጄ፣ የማወርስሽ ወርቅ የለኝም። ይህቺን ምንጭ አደራ። በአንቺ ዘመን እንዳትደርቅ» ብላት ነው የሞተችው። ጉሬዛም አደራውን ተቀበለች። አደራ የተቀበለ ደግሞ እንቅልፉ ቀላል ነው።

ዓመታት ሲያልፉ ነገር ተበላሸ። አንበሳ «ከሩቅ ለማየት ይመቸኛል» እያለ የጫካውን ዳር አስመነጠረ። ዝሆን ጫፍ ላይ ላለች አንዲት ለምለም ቅጠል ብሎ ዛፉን ከነሥሩ ነቀለ። አያ ጅቦ አደን ሲያቅተው ሣሩን በእሳት ለኮሰና የሚሸሸውን ከፊት ጠብቆ ያዘ። ጫካው ከታች ወደ ላይ እየተበላ መጣ። ሙቀቱ ጨመረ። ዝናቡም ቀኑን ረሳ።

አንድ ጠዋት እማ ምንጭ ጉሬዛን ጠራቻት። ድምጿ ቀጥኗል።

«ልጄ፣ ጥላዬ አለቀ። ፀሐይ ራሴን እየመታኝ ነው። ሦስት ክረምት እጠብቃለሁ። እስከዚያ ጫካዬን የሚመልስ ካጣሁ ወደ ምድር ሆድ ተመልሼ እገባለሁ። ከገባሁ ደግሞ አልወጣም።»

«እማ፣ እንዲህ አትበዪ! ማንን ልጠይቅ? የት ልሂድ?»

«ታች ያሉት ትልልቆቹ በየዓመቱ፣ በጋው ሲጋመስ፣ በዋርካ ሥር ይሰበሰባሉ አሉ። ሂጂና ንገሪያቸው።»

ጉሬዛ ቅሏን አነሣች። ይህ ቅል እዚያው ምንጯ አፍ ላይ ካለች ሐረግ ያፈራ ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ ነበር። ከእማ ምንጭ ውሃ ሞላችው፣ በውታፍ ደፈነችው፣ በጀርባዋ አዘለችው።

«ወዴት ነው?» አለ ቅል።

«ወደ ጉባኤ።»

«እኔም እናገራለሁ?»

«አንተማ ዝም በል።»

«ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ሲባል አልሰማሽም?»

«እሱ ባገሩ ነው። እኛ ከአገር እየወጣን ነው።»

ቅል እያጉረመረመ ወረደ። 

ዋርካው ሥር ሰባቱም አገር ተሰብስቧል። ንጉሥ አንበሳ በመሐል፣ ዝሆን በቀኝ፣ አያ ጅቦ በግራ። ጦጢት የጉባኤው ጸሐፊ ናት፤ ብራናዋን ዘርግታ፣ ብዕሯን ቀርጻ ተቀምጣለች። ነጋሪት ደግሞ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ የተባለውን ሁሉ ለአገር የሚያሰማው እሱ ነው።

ጉሬዛ ገና ብቅ ስትል ሁሉም ዞሩ።

«አቤት ፀጉር!» አለ ዝሆን።

«አቤት ጅራት!» አለ አያ ጅቦ።

«እስኪ ዝለዪልን!» አለ አንበሳ።

ሰው ቤት ሄዳ ማሳፈር አልፈለገችም። ሦስት ጊዜ ዘለለች። አጨበጨቡላት።

«መልእክት ይዤ ነበር» አለች።

«በኋላ፣ በኋላ» አሏትና ከዳር አስቀመጧት።

ጉባኤው ተጀመረ። አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ዛፍ ይተከላል» አለ። ዝሆን ኩምቢውን አነሣና፣ «ሥር ይጠበቃል» አለ። አያ ጅቦ ከንፈሩን ላሰና፣ «እሳት ይጠፋል» አለ። ጦጢት ሁሉንም ጻፈች። ጽሕፈቷ ዓይን ይማርካል። ነጋሪትም ሆዱን ነፍቶ ጮኸ፤

«ይደረጋል! ይደረጋል! ይደረጋል!»

አጨበጨቡ፣ በሉ፣ ተበተኑ።

ጉሬዛ ደስታዋ ልክ አጣ። የተራራውን ዳገት ሜዳ አድርጋው ወጣች።

«እማ! እማ! ይደረጋል አሉ! ዛፍ ይተከላል፣ ሥር ይጠበቃል፣ እሳት ይጠፋል!»

«ማን?» አለች እማ ምንጭ።

«ምን ማን?»

«ማን ይተክላል? ማን ይጠብቃል? ማን ያጠፋል?»



«አልጠየቅሁም» አለች ጉሬዛ።

አትፍረዱባት። እናንተም አትጠይቁም ነበር። «ይደረጋል» ደስ የሚል ቃል ነው፤ ሲሰሙት ሆድ ያርፋል። እኔ ራሴ ጣሪያዬ ያፈሳል ብዬ ስናገር «ይሠራል እናቴ፣ ይሠራል» እባላለሁ። አራት ክረምት አለፈ። ስንሻው፣ ወደ ውጭ ምን ታያለህ? ወደዚህ ተመልከት።

ዓመቱን ሙሉ አንበሳ፣ ዝሆን ይተክላል ብሎ አሰበ። ዝሆን፣ አያ ጅቦ ይተክላል ብሎ አሰበ። አያ ጅቦ ከጅምሩም አላሰበም። ክረምቱ መጣ፣ ሄደ። እንደ ጭን ወፍራ ትፈስ የነበረችው እማ ምንጭ እንደ ክንድ ቀጠነች።

በሁለተኛው ዓመት ጉሬዛ ቅሏን አዝላ እንደገና ወረደች። አሁንስ ከፊት የድንጋይ መቀመጫ አዘጋጅተው ቆዩዋት።

«ዘንድሮ ታዛቢ ነሽ» አላት አንበሳ።

«ታዛቢ ምን ይሠራል?»

«ይታዘባል።»

እሷም ተቀምጣ ታዘበቻቸው። ከዚያ ወዲያ የምትታዘበው አላጣችም።

«ዛፍ በእጅጉ ይተከላል» አለ አንበሳ።

«ሥር በጥብቅ ይጠበቃል» አለ ዝሆን።

«እሳት በአፋጣኝ ይጠፋል» አለ አያ ጅቦ።

ነጋሪት ካምናው ይበልጥ ጮኸ። «በእጅጉ ይደረጋል! በጥብቅ ይደረጋል! በአፋጣኝ ይደረጋል!» እያለ ሲንጫጫ ቆዳው ከጫፉ ተተረተረ። ጉሬዛ ብድግ አለችና «ማን?» አለች። ነጋሪት ዋጣት። ደግማ «ማን?» አለች። ነጋሪት ዋጣት። ሦስተኛ ጊዜ «ማን?» ስትል ነጋሪት ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበርና ድምጿ ብቻውን ለሰባቱም አገር ተሰማ።

 ጦጢት ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ሹክ አለቻት፤

«እንዲህ አይባልም፣ እህቴ። በጉባኤ ቋንቋ እኔ፣ አንተ የለም። እኔ፣ እኔ ማለት የሕፃን ነው። ትልቅ ሲናገር ‹ይደረጋል› ነው የሚለው።»

ዳገቱን ሲመለሱ ጉሬዛ አቀርቅራ ነበር። ቅል ከጀርባዋ ተናገረ።

«አየሽ፣ እዚያ እኛ እንግዳ ነን። እንግዳ ደግሞ የቀረበለትን ይበላል እንጂ ወጡን አይመርጥም።»

«ታዲያ ምን ይሻለናል?»

«አንድ ቀን እነሱ እንግዳ ቢሆኑ ነው የሚሻለን።»

ሁለተኛውም ክረምት መጣ፣ ሄደ። እማ ምንጭ እንደ ጣት ቀጠነች። ጉሬዛ ጆሮዋን ካላስጠጋች ድምጿን አትሰማም።

«አንድ ክረምት ቀረኝ፣ ልጄ» አለቻት። «እኔ ባንቺ አላዘንኩም። እንዳታስቢ።»

ጉሬዛ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጉባኤተኞቹ ሲሰበሰቡ ዋርካው ቅጠሉን አራግፎ ቆያቸው። ውሃው ሥሩ ድረስ መድረስ ካቆመ ቆይቷል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የዝሆን ጆሮ ተላጠ። የአንበሳ ምላስ ከአፉ አልገባ አለ።

«ጥላ ይፈለጋል» አለ አንበሳ።

ማንም ንቅንቅ አላለም።

«ጥላ በአፋጣኝ ይፈለጋል!»

አሁንም ማንም ንቅንቅ አላለም። እርስ በርስ ተያዩ። የገዛ ቃላቸው እነሱኑ በፀሐይ አስጥቶ ያዛቸው። ያኔ ጉሬዛ ወደ መሐል ወጣች።

«ጥላ ያለው እኔ ዘንድ ነው» አለች። «ተነሡ፣ ቤቴ እንግባ።»

ሦስት ቀን ዳገት ወጡ። ጫካው ውስጥ ሲገቡ ቅዝቃዜው ፊታቸውን ዳበሳቸው። ዝሆን ዓይኑን ጨፈነና «ተመስገን!» አለ። በሦስት ዓመት ጉባኤ ይህ ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

«ቤት ለእንግዳ» አለች ጉሬዛ። «ግቡ፣ አረፍ በሉ። እንግዲህ እዚህ ባለቤቷ እኔ ነኝ። የቤቴም ሥርዓት ይህ ነው፤ የጠማው ከቅሌ ይጠጣል። ቅሌ ግን ባለቤት ያለው ቃል ካልሰማ አይከፈትም።»

የጠማው አንበሳ አላስጨረሳትም። «ዛፍ ይተከላል!» ብሎ ውታፉን ሳበ። ውታፉ ንቅንቅ አላለም። «በእጅጉ ይተከላል!» አለ። ንቅንቅ የለም። አንበሳ በጥፍሩ፣ ዝሆን በኩምቢው፣ አያ ጅቦ በጥርሱ ሳቡት። በመጨረሻ አያ ጅቦ ተናደደና ቅልን አንሥቶ ከቋጥኝ ላይ ወረወረው።

ጧ! ቋጥኙ ከሁለት ተከፈለ። ቅል እየተንከባለለ ተመለሰ፤ ጭረት እንኳ አልነካውም።

«ባገሬ ነኝ እኮ» አለ እየሳቀ። «ሰው ሲናገር ስሙ!»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ያን ቀን ግን አጥሩም ባለቤቱም አልተነቃነቁም።

«ባለቤት ያለው ቃል ማለት ምንድን ነው?» አለ አንበሳ ደክሞት።

ይህን ጊዜ ጦጢት ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«ወይ ጉዴ! ወይ እኔ! ፊደል ስቆጥር መምህሬ ያሉኝን! ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው፣ ማሰሪያም አለው፤ ብለውኝ ነበር። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ማሰሪያውን ብቻ ስጽፍ ኖርኩ። ይተከላል፣ ይጠበቃል፣ ይጠፋል። ሁሉም ማሰሪያ ነው። ባለቤት ከሌለው ግን ማሰሪያው ማንን ያስራል?»

ጉሬዛ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ሳቀች። «እማ የጠየቀችው እሱን ነው» አለች። «ማን?»

አንበሳ አሰበ። «እንተክላለን» አለ።

ከቅሉ አፍ አንዲት ጠብታ ወጣች። አንዲት ብቻ።

«እኛ ብዙ ነው፣ ጌታዬ» አለ ቅል። «ብዙ ውስጥ መደበቅ ይቻላል።»

አንበሳ ጋማውን አራገፈ። ንጉሥ ነው፤ «እኔ አጠፋሁ፣ እኔ እክሳለሁ» ብሎ አያውቅም። ከጉሮሮው እሾህ እንደሚያወጣ ሁሉ ተጨንቆ ተናገረ።

«እኔ... እኔ አንበሳ፣ ያስመነጠርኩትን የጫካ ዳር መልሼ እተክላለሁ።»

ጧ አለ ውታፉ! ውሃው ወረደ። አንበሳ ጠጣ። እንዲህ ያለ ውሃ ጠጥቶ አያውቅም።

«ዋስዎን ይጥሩ» አለችው ጉሬዛ። የአባቶች ወግ ነው፤ ቃል የሰጠ ዋስ ይጠራል።

«እኔ ዋሱ ነኝ» አለ ዝሆን። እሱም ተራውን ተነሣ። «እኔ ዝሆን፣ ከእንግዲህ ዛፍ ከነሥሩ አልነቅልም። የበላሁትንም ፍሬ፣ ዘሩን በየሄድኩበት ከነፋንድያው እጥላለሁ፤ ይብቀል።»

ውታፉ ጧ አለ። ዝሆን ጠጣ። ለሱም አንበሳ ዋስ ሆነ።

አያ ጅቦ ተነሣ። አንገቱን ሰብሯል።

«እኔ ጅብ፣ ከእንግዲህ እሳት አልለኩስም። የለኮስኩትንም አጠፋለሁ።»

ውታፉ ጧ አለ።

«ዋስህን ጥራ» አለችው ጉሬዛ።

አያ ጅቦ ወደ አንበሳ አየ። አንበሳ ጥፍሩን መመልከት ጀመረ። ወደ ዝሆን አየ። ዝሆን ቀና ብሎ ቅጠል ቆጠረ። ወደ ጦጢት አየ። ጦጢት በብራናዋ ተከለለች። ለጅብ ማን ዋስ ይሆናል?

«ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ» አለ አያ ጅቦ። ቅሉን ሳይጠጣ መሬት አስቀመጠው።

«እኔ ነኝ ዋሱ» አለች ጉሬዛ።

«አብደሻል?» አለ ቅል። «እናትሽ አንቺን የወለደችበትን ዛፍ ያቃጠለ እኮ እሱ ነው!»

«አውቃለሁ። እሳት የት እንደተደበቀ ከለኮሰው በላይ የሚያውቅ የለም።»

«ካጠፋስ?» አለ አንበሳ።

«ቢያጠፋማ እሰየው!» አለ ቅል። «ማጥፋት ነው ያለበት፣ እሳቱን!»

ሁሉም ሳቁ። ጉሬዛ ግን አልሳቀችም።

«ቃሉን ቢያጥፍ እኔ ከዚህ ጫካ እወጣለሁ» አለች። «የእናቴን አደራ ጥዬ እወጣለሁ።»

ሳቁ ቆመ። አያ ጅቦ ውሃውን ጠጣ። እንባው ከውሃው ጋር ይወርድ ነበር።

«የሰደበኝ ብዙ ነው» አለ። «ያመኑኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እመት ጉሬዛ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ ያላት የለም። እመት ጉሬዛ ሆና ቀረች።

ነጋሪት ብቻ ጥግ ላይ ተክዞ ነበር። «ይደረጋል ካልተባለ እኔ ምን እጮሃለሁ?» አለ። እመት ጉሬዛ ጎኑን ደባበሰችው። «አንተ ከዚሁ ጫካ የተቆረጥክ ዋንዛ ነህ። እናትህን አውቃታለሁ፤ መልካም ጥላ ነበራት። የተቀደደ ቆዳህን እሰፋልሃለሁ። አንተ ደግሞ ጠይቅልን።» ነጋሪት ሆዱን ነፋ። የወጣው ድምፅ አዲስ ነበር፤

«ማን? ማን? ማን?»

እንግዶቹ ለሥራው እዚያው ቆዩ፤ አንድ ወር አለፈ። አንድ ቀን፣ ልክ በቀትር፣ ከጫካው ግርጌ ጭስ ተነሣ። አያ ጅቦ አምና የለኮሰው እሳት በአንድ ጉቶ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ከርሞ ኖሯል። ነፋስ መጣና ቀሰቀሰው። ሣሩ ተያያዘ። እንስሳው ሽሽት ጀመረ። አያ ጅቦ ቆሞ ያያል። አንዲት የሰባች ጥንቸል በአፍንጫው ሥር አለፈች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፉን መክፈት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ምራቁን ዋጠ። እመት ጉሬዛ ትዝ አለችው። ከዚያ ወደ ጥንቸሏ ሳይሆን ወደ እሳቱ ሮጠ።

«የኔ እሳት ነው! እኔ አጠፋዋለሁ!» እያለ ይጮህ ነበር።

አፈር ቆፍሮ በተነበት። አልበቃም። ፍሙ ላይ ተቀመጠበትና በኋላ እግሩና በዳሌው እየተጎተተ አዳፈነው። ነጋሪት ከላይ ሆኖ አስተጋባ፤

«ማን? ማን? ማን?»

«እኔ!» አለ ዝሆን፤ በኩምቢው ውሃ ሞልቶ እየሮጠ መጣ።

«እኔ!» አለ አንበሳ፤ ሣሩን በጥፍሩ ፍቆ ለእሳቱ መንገድ ዘጋበት።

እሳቱ ምንጯ ዘንድ ሳይደርስ ጠፋ። ጭሱ ሲገለጥ አያ ጅቦ መሬት ላይ ተጋድሟል። የኋላ እግሩ ተለብልቧል። እመት ጉሬዛ እናቷ ካሳየቻት ዛፍ ቅጠል ቆርጣ፣ ጨምቃ፣ ቁስሉን አሰረችለት። «አመሰግናለሁ» አለችው። አያ ጅቦን አመሰግናለሁ ያለው ፍጡር አልነበረምና ምን እንደሚመለስ አላወቀም። ዝም ብሎ ጅራቱን ቆላ። ቁስሉ ዳነ፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ለዚህ ነው ጅብ እስከ ዛሬ ከኋላው ዝቅ ብሎ የሚያነክሰው። አንካሳ እያላችሁ ስትስቁበት ይህን አስቡ።

ሦስተኛው ክረምት ገባ። እማ ምንጭ ግማሽ ሰውነቷን ወደ ምድር ሆድ አስገብታ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ለመጨረሻ ጊዜ አንገቷን አወጣችና ተመለከተች። አንበሳ እንደ ገበሬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ችግኝ ይተክላል፤ አንዱን አዘቅዝቆ ተክሎት ጦጢት ትቆጣዋለች። የዝሆን ፋንድያ ባለፈበት ሁሉ አረንጓዴ ብቅ ብቅ ብሏል። አያ ጅቦ እያነከሰ ጉቶ ለጉቶ እየዞረ ያሸታል፣ ፍም እንዳይቀር።

«ማን?» አለች እማ ምንጭ በቀጭን ድምጿ።

«እኔ!» አለ አንበሳ።

«እኔ!» አለ ዝሆን።

«እኔ!» አለ አያ ጅቦ።

እማ ምንጭ ችግኞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። 

«ችግኝ ጥላ አይደለም» አለች እማ ምንጭ። «ገና ብዙ ፀሐይ ይመታኛል። ግን ባለቤት አለው። ባለቤት ያለውን እጠብቃለሁ።»

ወጣችም። መጀመሪያ እንደ ጣት፣ ቆይታ እንደ ክንድ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ጭን። እመት ጉሬዛ ያን ቀን ምንጯ ላይ ተደፍታ፣ «እናቴ፣ አደራሽ አለ! በእኔ ዘመን አልደረቀም!» እያለች አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ ነው፤ ቅልም አልቀለደባትም።

አንበሳ ወደ አገሩ ሲመለስ ወንዙ ዳር ቆመ። ጠማው። ሊጠጣ ሲል ግን ያ ሁሉ ትዝ አለው። ሳይጠጣ በፊት ወደ ተራራው አቅጣጫ አንገቱን ደፋ። «እመት ጉሬዛ፣ አመሰግናለሁ» አለ። ከዚያ ጠጣ። ዝሆን አየውና አንገቱን ደፋ። አያ ጅቦ አየውና አንገቱን ደፋ። አውሬው ሁሉ፣ ከብቱ ሁሉ ተከተለ። ለዚህ ነው እንስሳ ውሃ ሲጠጣ አንገቱን የሚደፋው። ውሃው ዝቅ ስላለ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ። ዶሮ ግን ደፍታ ለእመት ጉሬዛ፣ ቀና ብላ ለፈጣሪ፣ ሁለት ጊዜ ታመሰግናለች። ከሁላችንም የምትሻለው እሷ ናት።

እትዬ አሰገደች ተረቱን የሚጨርሱት እንዲህ ብለው ነበር፤ ውሃውን ስትጠጣ የምንጩን ጠባቂ አመስግን፤ ቃል ስትሰጥ ደግሞ ባለቤቱን አትደብቅ። ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔም እሳቸውን ያመሰገንኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ተረቴ እዚህ አለቀ። አፌ ደርቋል፤ በዳቦ ሳይሆን በውሃ አርጥቡልኝ።

ምነው ስንሻው፣ ተነሣህ? ምን አልክ?

«ጣሪያው ይሠራል እናቴ።»

ማን?

«እኔ... እኔ ስንሻው፣ ነገ ጠዋት እሠራዋለሁ።»

ዋስህን ጥራ።

ያውላችሁ፣ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል! እሺ፣ ግድ የለም። ዋሱ እኔ ነኝ። ና፣ ልጄ፣ መጀመሪያ አንተ ጠጣ። አንገትህን ግን ደፋ አድርግ።